የሥልጣን ምንጭና የገበሬው ማሳ፦ ከፍትሐ ነገሥት እስከ ሕገ መንግሥት

ባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ ላይ በምትገኘው የዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ገዳም የበርካታ ነገሥታት አጽም ተጠብቆ ይኖራል። የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ ስም ከእነዚህ መካከል ይነሣል፤ በ1262 ዓ.ም. ሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት መልሰው ያቆሙት ዐፄ ይኩኖ አምላክም እዚያው እንዳረፉ የገዳሙ ትውፊት ይናገራል። ከደሴቷ ማዶ፣ በፎገራ፣ በደንቢያ ወይም በባሕር ዳር ዙሪያ በሚገኝ የአርሶ አደር ቤት ደግሞ ሣጥን ውስጥ በጥንቃቄ የተቀመጠ ደብተር አለ፤ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ የሰፈረበት የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ነው። ነገሥታቱ የመግዛት ሥልጣናቸውን ከሰማይ እንደተቀበሉ ይታመን ነበር። ደብተሩን የሰጠው መንግሥት ሥልጣኑን ከሕዝብ እንዳገኘ በሕግ ጽፏል። በሁለቱ መካከል ባለው ዘመን የሥልጣን ምንጭ በተለወጠ ቁጥር የመሬቱ ባለቤትም አብሮ ሲለወጥ ኖሯል። ስለዚህ «መንግሥት ሥልጣኑን ከማን አገኘ?» የሚለው የፈላስፎች ጥያቄ በሐይቁ ዳርቻ ለሚያርስ ሰው «ማሳዬ የማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም።

የጥንቱ መልስ በሁለት መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በግእዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት የኢትዮጵያን ነገሥታት የዘር ሐረግ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ያወርዳል። በዚህ ትምህርት መሠረት ንጉሥ የሚነግሠው በደሙና በቅባቱ ነው፤ የሕዝብ ምርጫ በነገሩ ውስጥ ቦታ የለውም። ሁለተኛው ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢብን አል-ዐሳል በተባለ የግብፅ ቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን፣ ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22 መንፈሳዊውን፣ የቀሩት 29 ሥጋዊውን ሕግ ይዘዋል። ስለ ነገሥታት የሚናገረው 44ኛው አንቀጽ ነው። ሕዝቡ ለንጉሥ እንዲታዘዝ ያዝዛል፤ ንጉሡም ከወንድሞቹ መካከል የተነሣ፣ በፍርድ የማያዳላ እንዲሆን ይጠይቃል። ዛሬም በአብነት ትምህርት ቤቶች ከነትርጓሜው የሚነበበው ይኸው መጽሐፍ በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጡ ከመነሻዎቹ እንደ አንዱ ተጠቅሷል።

የንጉሡ ሥልጣን ከሰማይ ነው ሲባል ግን ወሰን አልነበረውም ማለት አይደለም። የዚህ ምስክር የሚገኘው እዚሁ ሐይቅ ዳር ነው። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ በጎርጎራ መቀመጫቸውን የነበረው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ ሃይማኖትን ተቀብለው በአገሩ ላይ ለማጽናት በሞከሩ ጊዜ ገበሬው፣ መነኩሴውና መኳንንቱ ተነሡባቸው። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ በ1624 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ አውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሕገ መንግሥት ነበረ ማለት ይቻላል። ንጉሡ ግብር ሊጥል፣ ጦር ሊያዘምት፣ ሹመት ሊሰጥና ሊሽር ይችላል፤ የሕዝቡን እምነትና ርስት መንካት ግን ዙፋን ያስለቅቃል።

ርስት ሲባል ምን እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ወጣቱ ትውልድ ቃሉን የሚያውቀው ከተረትና ከሙግት ወሬ ነው። በጎጃምና በጎንደር ርስት ከአንድ አቅኚ አባት የተወለደ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በትውልዱ ቆጥሮ ድርሻ የሚጠይቅበት የመሬት መብት ነበር። ባለ ርስቱን ንጉሡ አልሾመውምና ንጉሡ ሊሽረው አይችልም። በርስቱ ላይ የተደረበው ጉልት ደግሞ ግብር የመሰብሰብና የመዳኘት መብት ሲሆን፣ ይህን ንጉሡ ለመኳንንትና ለአብያተ ክርስቲያናት ይሰጥ ነበር። የጣና ገዳማት ከዳርቻው አገር ግብር ይቀበሉ የነበሩት በዚህ ነው። አንድ ማሳ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ባለመብት ነበረው፤ አንዱ በደም፣ ሌላው በሥልጣን። የገዳም ሥርዓት ብቻውን የአስተራረሱን ወግ የወሰነበት ስፍራም አለ፤ በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ በትውፊት የተከለከለ ስለሆነ የቡናው ደን እስከ ዛሬ ቆሟል።

በዚያው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከጣና በስተምሥራቅ ባለችው እንፍራዝ፣ ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው ድርሰት እንደተጻፈ ይነገራል። የመጽሐፉ ደራሲ ማንነት እስከ ዛሬ ምሁራንን ያከራክራል፤ ሰው ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ነው፣ እውነትንም በልቡናው መርምሮ ማግኘት ይችላል የሚለው ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ሎክ ተቀራራቢ መነሻ ይዞ አንድ እርምጃ አለፈ፤ ሰዎች እኩል ከሆኑ ገዢ ሊኖራቸው የሚችለው በፈቃዳቸው ብቻ ነው፣ ገዢው የሰዎችን ሕይወት፣ ነጻነትና ንብረት ካልጠበቀም ፈቃዳቸውን መልሰው ሊወስዱ ይችላሉ አለ። እ.ኤ.አ. በ1776 ነጻነታቸውን ያወጁት የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ተገዢዎች ይህን ትምህርት የመንግሥት መሠረት አደረጉት። የመጀመሪያው ጠባቸው የግብር ጠብ ነበር፤ ወኪል ባልላክንበት ምክር ቤት የተጣለ ግብር አንከፍልም ብለው ነው የተነሡት። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥታቸው በሕዝብ ስም ይጀምራል፤ ፈረንሳዊው ሞንቴስኪዩ እንዳስተማረውም ሕግ አውጪውን፣ አስፈጻሚውንና ዳኛውን ለያይቶ አንዱ ሌላውን እንዲገታ አድርጓል። «ሕዝብ» በተባለው ውስጥ ባሪያዎች አለመቆጠራቸው፣ ለውክልና ሲባልም አንድ ባሪያ የሰው ሦስት አምስተኛ ተደርጎ መሰላቱ የዚያ ሰነድ ነውር ሆኖ ቆይቷል።

ኢትዮጵያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ስታዘጋጅ የመረጠችው አርአያ ግን አሜሪካን አልነበረም። የዘመኑ ምሁራን፣ ከእነርሱም በጉልት ሥርዓት ላይ ብርቱ ትችት የጻፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጭምር፣ ዓይናቸው በጃፓን ላይ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቷን ሳትሽር ሠልጥና ኀያላንን የተገዳደረች አገር ናትና። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁትና ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የፈረሙት ባለ 55 አንቀጽ ሕገ መንግሥት በአብዛኛው የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት የተከተለ ነበር። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የመጀመሪያውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሁለተኛውን፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ፣ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ። የክብረ ነገሥት ትምህርትም በዚህ ሰነድ በሕግ አንቀጽነት ታተመ፤ ዘውዱ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ዘር እንዳይወጣ ተደነገገ።

አሜሪካ የገባችው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በማርቀቁ ሥራ ላይ ጆን ስፔንሰርን የመሳሰሉ አሜሪካውያን የሕግ አማካሪዎች ተሳትፈዋል፤ በፌዴሬሽን የተቀላቀለችው ኤርትራ የመብት ድንጋጌዎች ያሉት ሕገ መንግሥት ይዛ መምጣቷም ለማሻሻያው ገፊ ምክንያት ሆኗል። 131 አንቀጾች የነበሩት ይህ ሰነድ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይከራከሩበት መሆኑን ይደነግጋል። በሌላ በኩል 43ኛው አንቀጽ ማንም ሰው በሕግ ተገቢ ሥርዓት ካልሆነ በቀር ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንደማያጣ ይናገራል፤ ይህ ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ የመጣ አነጋገር ነው። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትም በሕዝብ እንዲመረጡ ሆነ። ከሰማይ የወረደ ሥልጣንና ከሕዝብ የወጣ ሥልጣን በአንድ ጥራዝ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሲጋጩ የትኛው እንደሚረታ ያየው የጎጃም ገበሬ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ፓርላማው በእርሻ ገቢ ላይ የሚከፈል አዲስ ግብር አጸደቀ። በአሥራት ፋንታ ገበሬው በምርቱ ልክ እየተገመተ እንዲከፍል የሚያደርግ ሕግ ነበር። በወረቀት ሲታይ ከአሥራቱ የተሻለ ፍትሐዊ ነው የሚል መከራከሪያ ሊቀርብለት ይችላል። የጎጃም ገበሬ ግን በሌላ ዓይን አየው። ገማች ከመጣ ቀያሽ ይከተላል፣ መሬት ከተለካ ርስት ይሞታል ሲል ፈራ። ይህ ፍርሃት ባዶ አልነበረም፤ መንግሥት ከዚያ በፊትም፣ ከጣሊያን ወረራ ማግስት ጀምሮ፣ መሬቱን ለማስለካት ሞክሮ በተቃውሞ ተመልሷል። ሞጣና ቢቸና ከተቃውሞው ዋና ዋና ስፍራዎች ነበሩ። ገበሬው አቤቱታ ላከ፣ ሽማግሌ ላከ፣ በመጨረሻ ጠመንጃውን አነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። በስተመጨረሻ ያፈገፈገው ዙፋኑ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ገዢ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሡ፣ ያልተከፈለው የግብር ዕዳ ተሰረዘ፣ የመሬት ልኬታውም ቆመ።

ይህን ታሪክ ከአሜሪካው የግብር ጠብ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ፤ ንጽጽሩ ግን በከፊል ብቻ ይሠራል። አሜሪካኖቹ በምክር ቤቱ ውስጥ ወኪል አልነበራቸውም። ጎጃም የምርጫ ወኪሎች ነበሩት፤ ገበሬው ግን የእኔ ድምፅ ናቸው ብሎ አልተቀበላቸውም። አመፁም አዲስ መንግሥት አልወለደም፤ የፈለገው የቀድሞው ርስት እንዲቀጥል ብቻ ነበርና። የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ ፓርላማና ምርጫ እያሉም ሕዝቡ ፈቃዱን በምክር ቤቱ በኩል የሚያሳውቅበት መንገድ እንዳልተፈጠረ ግን በግልጽ አሳይቷል።

ዙፋኑ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደቀ። ደርግ ሕገ መንግሥቱን አገደ፤ በ1966 ዓ.ም. የተዘጋጀውና ንጉሡን በሕግ የሚገድበው ረቂቅም ሳይጸድቅ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደውን ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥ፣ መለወጥና ማከራየትን ከለከለ። በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ ተመለሰለት። የርስት አገር በሆነው በጎጃምና በጎንደር ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው፤ ቀድሞውንም ባለ ርስት የነበረው ገበሬ ከጉልት ተላቀቀ፣ ነገር ግን ከአያቱ የወረሰው መብት ከዚህ በኋላ በገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር እጅ ወደቀ። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ሥልጣኑ የሠራተኛው ሕዝብ ነው ሲል 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ አቋቋመ። ዕድሜው ከአራት ዓመት ብዙም አላለፈም።

አሁን የሚሠራበት ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። 106 አንቀጾች አሉት። ለሥልጣን ምንጭ ጥያቄ የሰጠው መልስ በአገሪቱ ታሪክ ያልነበረ ነው፤ አሜሪካኖች «ሕዝብ» ባሉበት ቦታ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተቀምጠዋል፤ በአንቀጽ 8 መሠረትም የሉዓላዊ ሥልጣን ባለቤቶች እነርሱ ናቸው። ውል ፈጻሚው በሎክ ትምህርት ግለሰቡ ነበር፤ እዚህ ማኅበረሰቡ ሆኗል። ብዙ የሚያከራክሩት አንቀጾች ከዚህ አንድ ምርጫ የተወለዱ ናቸው፤ እስከ መገንጠል የሚደርሰው የአንቀጽ 39 መብትም፣ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት መሰጠቱም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1803 ጀምሮ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ የሚሽረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው። በኢትዮጵያ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ደጋፊዎች ውሉ የብሔሮች ስለሆነ ትርጓሜውም የእነርሱ ይሁን ይላሉ። ተቺዎች ፖለቲከኞች የተሰባሰቡበት አካል በራሱ ጉዳይ ዳኛ ይሆናል ይላሉ።

መሬትን የሚመለከተው አንቀጽ 40 የርስትንም የአዋጅ ቁጥር 31ንም ውርስ ተሸክሟል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። አርሶ አደር መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው። በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረት የግሉ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስደው ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት።

ካለመነቀል ዋስትናው ጋር የተደረገው የመጀመሪያ ፈተና ቶሎ ነው የመጣው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ በቀደሙት ሥርዓቶች ሥልጣን የነበራቸው፣ ተራ የገበሬ ማኅበር ተመራጮች ሳይቀሩ፣ «ቢሮክራት» ተብለው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ አርሶ አደሮች ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ ሥራ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በብዙ ሽማግሌዎች ዘንድ «መሬቱ የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል እስካሁን በጥርጣሬ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

የይዞታ ደብተሩ ይህን ጥርጣሬ ለማቅለል የመጣ መድኀኒት ነው። ክልሉ ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ይዞታን እየመዘገበ ማረጋገጫ መስጠት ጀመረ፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 133 እና በ2009 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 252 መብቱን ዘረዘሩት። ማውረስ፣ ማከራየት፣ ኋላም የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ተፈቀደ። የሚስት ስም ከባሏ ጋር መስፈሩ በፍቺና በውርስ ሙግት ብዙ ነገር ቀይሯል። በ1960 ዓ.ም. ቀያሽን በጠመንጃ ያባረረው ገበሬ የልጅ ልጅ ዛሬ ማሳው ተለክቶ ካርታ እንዲሰጠው ራሱ ይጠይቃል፤ የልኬታው ትርጉም ተገልብጧልና።

ደብተሩ የማይመልሰው ጥያቄ ከተማ ሲመጣ የሚነሣው ነው። ባሕር ዳር ወደ ዘንዘልማ፣ ወደ መሸንቲና ወደ ጢስ ዓባይ አቅጣጫ ስትሰፋ ጤፍና ዳጉሳ ይበቅልበት የነበረው መሬት ወደ ከተማ ክልል ይገባል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 በቋሚነት ለሚፈናቀል አርሶ አደር የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢውን በ10 አባዝቶ ካሳ ይሰጥ ነበር። በምትኩ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተገኘ ስሌቱን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አደረገው፤ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም እንዲቋቋሙ አዘዘ። የመልቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው አቤቱታውን በ30 ቀን ውስጥ ማቅረብ እንደሚጠበቅበት ብዙዎች የሚያውቁት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። መሬቱ ከተማ ከሆነ በኋላ ደግሞ በሊዝ ይተላለፋል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት እስከ 99 ዓመት ይፈቅዳል። ካሳው የሚሰላው ማሳው በሰጠው ሰብል ነው፤ ሊዙ የሚሰላው ከተማዋ በምትሰጠው ዋጋ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ «የመንግሥትና የሕዝብ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ሳይፈታ ተቀምጧል።

ከዚህም የሚጠበው የባሕር ሸሽ መሬት ጉዳይ ነው። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚገለጠውን ለም መሬት የዳርቻው ሰው ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ሐይቁ የሚሸሽበት ልክ ግን የተፈጥሮ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ ግድብና ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ኀይል የሚያመነጨው የጣና በለስ ፕሮጀክት የውኃውን ከፍታ ይወስናሉ። ጣና ሙሉ በሙሉ በአማራ ክልል ውስጥ ቢገኝም ከእርሱ የሚወጣው ዓባይ ድንበር ተሻጋሪ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር የሚሻገሩ ውኃዎችን አጠቃቀም የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። መሬቱን የሚያስተዳድረው ደግሞ በአንቀጽ 52 ክልሉ ነው። ስለዚህ በአንድ የሽምብራ ማሳ ላይ ሁለት መንግሥታት ሥልጣን አላቸው፤ አንዱ በአፈሩ፣ ሌላው አፈሩን በሚሸፍነው ውኃ።

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚለው ክርክር በ2014 ዓ.ም. አገራዊ የምክክር ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ በይፋ እየተነሣ ነው። የመሬት ባለቤትነትም ከክርክሩ ርእሶች አንዱ ነው። አንቀጽ 40 የሚገኘው በምዕራፍ ሦስት፣ በመብቶች ምዕራፍ ውስጥ ሲሆን፣ በአንቀጽ 105 መሠረት ይህን ምዕራፍ ለማሻሻል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ የክልል ምክር ቤቶችም አንድም ሳይቀር ሁሉም በድምፅ ብልጫ ሊያጸድቁት ይገባል። ሕጉ ሲጻፍ ክልሎቹ ዘጠኝ ነበሩ፤ አሁን 12 ናቸው።